የቦኖው ቀማሽ

ሐመሮ ከተማ ውስጥ ጧት ጧት ውሃው ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ይጠጣዋል።

ሰልፉ የሚጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን በመስመር ደርድረው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይቆማሉ። ልጆች ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ከቦኖው አጠገብ የተተከለው ተናጋሪ ምሰሶ፣ ሁሉም በሚያውቀው ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ «እንደምን አደራችሁ። የዛሬው ውሃ ደህና ነው። ቀማሽ ይቅረቡ» ይላል። ያን ጊዜ ጋሽ ናሆም ካፖርቱን ቆልፎ ከሰልፉ ፊት ይወጣል። ከቧንቧው አፍ ጠብ ጠብ የምትለውን ውሃ በቀኝ መዳፉ ያጠራቅማል፣ ከፍ አድርጎ ለሰልፉ ያሳያል፣ ይጠጣል። ማንቁርቱ ወርዶ ሲመለስ ምሰሶው ያያል። «እናመሰግናለን» ይላል። ቧንቧው ይከፈታል።

ይህን ሥርዓት ያወጣው አደራ ነው። አደራ ከጥቁሩ ክረምት በኋላ ሐይቁን እንዲያጸዳና የከተማውን ውሃ እንዲጠብቅ የተቋቋመ ድርጅት ነው። በዚያ ክረምት ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ወደብ የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ ከከተማው በላይ ፈነዳና ነዳጁ ከጎርፉ ጋር ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሐይቁ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ዳር ዳሩን ተከመረ። ከዚያ በራሪ ማሽኖች መጡና ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት። ጥቁሩ ተበታትኖ ወደ ታች ሰጠመ፤ ከላይ የቀረው ውሃ ኩልል ብሎ ታየ። ሰው ግን ኩልል ያለውንም ፈራው። ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው መውጣት ሲጀምሩ አደራ አንድ ዘዴ አገኘ። ድሮም ቢሆን ጠላ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ መጀመሪያ ራሱ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም ነበር። «ክፉ ነገር ካለበት እኔን ያስቀድመኝ» እንደ ማለት ነው። አደራ ይህን የቤት ወግ ወስዶ የቦኖ ሕግ አደረገው። በየቦኖው ከሰፈሩ ሰው አንድ አንድ ቀማሽ ሾመ። የማሽን ወሬ አላምንም ያለው ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጉሮሮ አመነና የጫነውን ዕቃ አወረደ።

የሔራን ልብ ብቻ አልተመለሰም።

ሔራን የላይኛው ሰፈር ነዋሪ ናት። ዳግም የሚባለው ባሏ አዲሱን ቧንቧ ሊጠብቅ በረሃ ወርዷል። ቤት ያሉት እሷና የስምንት ዓመት ልጇ ኬብሮን ናቸው። ሰፈሩ ሔራንን «ፈታሿ» ይላታል። እንቁላል ስትገዛ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንሥታ ታያለች። በርበሬ ስትገዛ ሸክላ የተፈጨበት እንዳይሆን ውሃ ውስጥ በትና ትጠብቃለች። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣችልህ» ይባባላሉ።

ይህ ጠባይዋ ነው ፊደል ያስቆጠራት። በሐመሮ ሁሉም ነገር ይናገራል። አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ «ከምግብ በኋላ አንድ ዋጥ አድርጊ» ይላል፤ የዱቄቱ ከረጢት ስለ ራሱ ይመሰክራል። ማንበብ የቀረ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱም ልጆቹን የሚያስተምረው ማዳመጥን፣ ስማቸው ሲጠራም ፈጥኖ «አቤት» ማለትን ነው። ሔራን ግን ልጅ ወልዳ፣ ቤት መርታ፣ ከዚያ በኋላ ፊደል ልትቆጥር ገባች። ጎረቤቷ እትዬ ቢታንያ፣ «ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው? ሁሉ ነገር እየተናገረልሽ!» ስትላት፣ «ስለ ራሱ የሚናገር ነገር መቼ ክፉ ይናገራል?» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ እትዬ ቢታንያ ራሷም ተመዘገበች። ወሬ እንዳያመልጠኝ ነው ትላለች።

ትምህርቱ እሑድ እሑድ ከሰዓት በድሮው የዓሣ አስጋሪዎች አዳራሽ ይሰጣል። የሐመሮ ሰው ዓሣ መብላት ከተወ ቆይቷል። ሔራን ያለ ማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበበችው ጽሑፍ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የደበዘዘው «ትኩስ ዓሣ» የሚለው ነው። ቤት ሮጣ ሄዳ ለልጇ ነገረቻት። ኬብሮን ትንሽ አሰበችና፣ «ዓሣ ይበላ ነበር እንዴ?» አለች።

ጥርጣሬዋ የበረታው በኬብሮን ጣቶች ነው። በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሣት ጀመረ። ራስ ምታት ተከተለ። ለምግብ ደግሞ ልጅቷ ድሮም ግድ አልነበራትም።

«ዛሬ ምን ልሥራልሽ? ሽሮ ይሻልሻል ምስር?»

«ሁሉም አንድ ነው፣ እማዬ።»

ሔራን ይህን መጀመሪያ እንደ ጨዋነት ቆጥራላት ነበር። የጎረቤት ልጆች ይህን አልበላም፣ ያን አልበላም ሲሉ፣ የእሷ ልጅ የቀረበላትን ትበላለች። ስትሰማው ስትሰማው ግን ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ይሻክራት ጀመር።

የአደራ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ጤና ጣቢያው ሐኪም የለውም፤ መስኮት ነው ያለው። ልጆች በየወሩ በመስኮቱ ፊት ይቆማሉ። መስኮቱ ከትንሽ ቀዳዳ አየር እፍ ይልባቸውና «ምን ሸተተሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰልፍ የያዙት እናቶች በልጆቻቸው ጆሮ «ምንም በይ፤ ምንም በል» ይላሉ። ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፦ ነዳጅ ሸተተኝ ማለት ነዳጅ ገብቶብኛል ማለት ነው። ማን እንደነገራቸው የሚያስታውስ የለም። ግን ሁሉም ያውቃል።

«ምን ሸተተሽ?» አለ መስኮቱ።

«ምንም» አለች ኬብሮን።

«ጎበዝ ልጅ! ደህና ነሽ።» በመስኮቱ ላይ የወርቅ ኮከብ በራ። ኬብሮን ፈገግ አለች። ኮከብ ሳታገኝ ቀርታ አታውቅም።

«ጣቶቿስ?» አለች ሔራን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ። «ራሷንም ያማታል እኮ።»

«ልጅዎ ደህና ናት። መልካም ቀን።»

«ማንን ነው የምታናግረው?» አለች አንዷ ከኋላ። «ተራችንን ስጪን እንጂ!»

ከዚያ ቀን በኋላ ሔራን ጋሽ ናሆምን መከታተል ጀመረች። መቼም አንድ ሰው እያታለለ ነው። ምሰሶው ማሽን ነው፤ ማሽን የታዘዘውን ይናገራል። የቀረው ናሆም ነው። ውሃውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ሄዶ ይተፋው ይሆናል ብላ አሰበች። አንድ ጧት ጀሪካኗን ሰልፉ ላይ ትታ በዳር በዳር ተከተለችው። ጋሽ ናሆም የአጥሩን ጥግ እንዳለፈ ቆመና ዞረ።

«ሔራን፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ምንም። ወፍጮ ቤት እየሄድኩ ነው።»

«ያለ እህል?»

ባዶ እጇን አየች። ጋሽ ናሆም ዘመኑን ሁሉ በሐይቁ ላይ ያሳለፈ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ዛሬም ሲቆም ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ ነው።

«በይ ነይ ፈትሺኝ» ብሎ አፉን በረገደው። ምላሱን አወጣ፤ ጉንጩን በጣቱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ጎተተ። «አየሽ? ጥርስ ይጎድላል እንጂ ውሃ የለም። ምሰሶው እንኳ እንዲህ አላዋረደኝም።»

«ይቅርታ ጋሽ ናሆም። ልጄ አሟት ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እኔ እጠጣዋለሁ። በልጅሽ ይሁንብኝ፣ ከልቤ እጠጣዋለሁ።»

አመነችው። ይህ ደግሞ ባሰባት። የሚያታልል ሰው ብታገኝ ጥርጣሬዋ ማረፊያ ባገኘ ነበር። አሁን ማረፊያ አጥቶ ቤት ውስጥ ይዞር ጀመር፤ ጀሪካኑን ይነካል፣ ድስቱን ይከፍታል፣ የኬብሮን አልጋ አጠገብ ይቆማል።

ለጣቶቿ የሚሆን ነገር ያገኘችው ከራሷ ደጃፍ ነው። በአጥሩ ሥር እሬት አለ። ቅጠሉን ሰብራ በማንቆርቆሪያ አፈላችና ሲበርድ የልጅቷን እጅ ነከረችበት። እሑድ ጧት ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለትምህርቱ ሻይ የማምጣት ተራው የእሷ ነው። ማንቆርቆሪያውን ለቅለቅ አድርጋ ሻዩን በእሱ አፈላች፣ ስኳሩን በተነች፣ ፔርሙስ ውስጥ ገልብጣ ሄደች። ሐሳቧ ልጇ ዘንድ ነበርና ቀምሳ አላየችውም። እንቁላል ፀሐይ ላይ የምታየው ሔራን የራሷን ሻይ ሳትፈትሽ ወጣች።

ዕረፍት ሲሆን ለሁሉም ቀዳች። መጀመሪያ የጠጡት መምህርት ሶልያና ናቸው። ብርጭቆውን ከአፋቸው አነሡና በመስኮት በኩል እንትፍ አሉት።

«ሔራን ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?»

እትዬ ቢታንያም ተፋች። «አንቺ! ይህ እኮ እሬት ነው! እኛንም ጡት ልታስጥዪን ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሚተፋው ይተፋል፣ የሚስቀው ይስቃል፣ አንዱ ምላሱን በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል። ሔራን አፍራ ፊቷን ሸፈነች። በጣቶቿ መካከል ስታይ፣ እንደ እነሱ ፊደል የሚቆጥረው ጋሽ ናሆም ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብርጭቆውን ወደ ላይ ገልብጦ ጨለጠው።

«እጅሽ ይባረክ» አለ። «ካለ ድገሚኝ።»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። «ኧረ ጋሽ ናሆም!» አለች እትዬ ቢታንያ። «ለሴት ብሎ እሬት የሚጠጣ ወንድ እስካሁን የት ነበርክ? እኔን የመሰለች ባል አልባ ጎረቤትህ ሆኜ!»

ጋሽ ናሆም ዙሪያውን አየ። ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ ያልገባው ሰው ይመስላል። ከዚያ ገባውና ቀስ ብሎ አብሮ ሳቀ። ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የሳቀው። ሔራን ያንን መዘግየት አየች።

ቀሪውን ትምህርት አልሰማችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ የእትዬ ቢታንያ ቀልድ ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ጡት ማስጣል። ኬብሮንን ጡት ልታስጥላት ስትሞክር ለእሷም እሬት ነበር የተቀባችው። ሌላ ልጅ አንዴ ቀምሶ አልቅሶ ይተዋል። ኬብሮን ግን እሬቱን ከነጡቱ ጠብታ፣ ላሰችውና እንደገና አፏን ከፈተች። ያን ጊዜም ሰፈሩ እንዲሁ ስቆ ነበር። «እንዴት ያለች ሆዳም ናት!» ብለው ነበር። ሔራንም ስቃለች።

ቤት ስትደርስ ኬብሮን በር ላይ ተቀምጣ በጠመኔ ትጫወታለች። ሔራን ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ አጥሩ ሄደች። ከእሬቱ አንድ ወፍራም ቅጠል ሰበረች። ቢጫው ውሃ በእጇ ላይ ወረደ።

«ነይ እስቲ፣ ይህን ቅመሺልኝ።»

ኬብሮን ቅጠሉን ላሰችው። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ደግማ ላሰችው። ከዚያ መስኮቱ ፊት እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምንም» አለች። እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «ልክ ነኝ?»

ሔራን ከልጇ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ልክ ነሽ፣ የእኔ እናት» አለች። ቆይታ ተነሣች፣ ልጅቷን በአንድ እጅ፣ ቅጠሉን በሌላው ይዛ ወደ ጋሽ ናሆም ቤት ሄደች። ገና አልመሸም፤ ሰው በየደጃፉ ነበር።

ጋሽ ናሆም ደጁ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ከጥቁሩ ክረምት ወዲህ ውሃ ያልነካ መረብ ነው። ይጠግነዋል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ይጠግነዋል።

«ጋሽ ናሆም፣ የዛሬው ሻይ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር አልኩሽ እኮ።»

«ምን ምን ይል ነበር?»

መረቡን አስቀመጠ። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ልጅቷ አየ። «ግቢ» አለ።

«አልገባም። እዚሁ ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዱቄቱ» አለ ጋሽ ናሆም። ድምፁ ከወትሮው የተለየ አልነበረም። «ዳሩን እናጸዳ የነበርነው እኛ ነን፤ ጀልባ ያለን ሁሉ። ዱቄቱን ከላይ ሲነሰንሱት እኛም ከሥር ነበርን። ወፍጮ ቤት እንደዋለ ሰው ነጭ በነጭ ሆነን ነበር የምንገባው። መጀመሪያ አፍንጫን ያቃጥላል። በኋላ ማቃጠሉን ተወ። ማቃጠሉን ሲተው ሚጥሚጣውም ስኳሩም አንድ ሆነ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አደራዎቹ መጡ። ብልቃጥ አስሸተቱን። ምን ሸተታችሁ ሲሉን፣ ምንም አልን። ምንም ያልነውን ለብቻ አቆሙን። እኔ ሊያክሙን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።» መረቡን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ቀማሽ አደረጉን።»

«የታችኛው ሰፈሩንም? የገበያውንም?»

«ሁላችንም ከዚያው ዳር ነን።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም አልክ!»

«ምን ብዬ ልናገር?» አለ፤ አሁን ድምፁ ከፍ አለ። «ቅመስ አላሉኝም። ጠጣ አሉኝ፤ ጠጣሁ። አንድ ቀን አላጭበረበርኩም። የሚገድል ቢሆን ከእናንተ በፊት እኔን ይግደለኝ ብዬ ነው የቆምኩት። ይኸው ቆሜያለሁ አይደል?»

«አንተ በደህናው ውሃ አድገህ፣ ከዚያ በኋላ ነው የመጣብህ። እሷ ከሆዴ ጀምሮ በዚህ ውሃ ነው የተሠራችው።» ሔራን ቅጠሉን ለልጇ ሰጠቻት። «ኬብሮን፣ ለጋሽ ናሆም አሳዪው።»

ኬብሮን ሰው ሲያያት ደስ ይላታል። ቅጠሉን ከላይ እስከ ታች ረጋ ብላ ላሰችው። ጋሽ ናሆም አያት። ቅጠሉን ከእጇ ወሰደና እሱም ላሰው። አዛውንቱና ልጅቷ ፊት ለፊት ተያዩ። በሁለቱም ፊት ላይ ምንም አልነበረም።

«አንተም ምንም ነው?» አለች ኬብሮን፣ ጓደኛ ያገኘች መስሏት።

«እኔም ምንም ነው» አለ።

ሔራን ጠበቀችው። እሱ ቅጠሉን ለኬብሮን መለሰላት።

«ነገ ጧት ምን ታደርጋለህ?»

«ነገ ጧት እመጣለሁ» አለ ጋሽ ናሆም፤ ወደ መረቡም ተመለሰ።

ሔራን ይህን መልስ ይዛ አደረች። እመጣለሁ ማለት ምንድን ነው? ሲነጋ የእሬት ቅጠሎች ቆርጣ በነጠላዋ ሥር ያዘች፤ ሰው ባያምናት እንኳ የምታሳየው ነገር እንዲኖራት። ኬብሮንንም ይዛት ሄደች። ብቻዋን ቤት ልትተዋት አልፈለገችም።

ቦኖው እንደ ሁልጊዜው ነው። ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል። ልጆቹ ጀሪካን ላይ ያንቀላፋሉ። እትዬ ቢታንያ የልጅ ልጇን ዮናኤልን አቅፋ፣ የትናንቱን ሻይ ለማያውቁት እያወራች ታስቃለች።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ምሰሶው። «የዛሬው ውሃ ደህና ነው። ቀማሽ ይቅረቡ።»

ጋሽ ናሆም ካፖርቱን ቆልፎ ወጣ። ውሃውን በመዳፉ አጠራቀመ። ከፍ አድርጎ ለሰልፉ አሳየ። ከዚያ ወደ አፉ ሲያመጣው፣ ሔራን «አታላይ!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። እጁ አገጩ ሥር ሲደርስ ቆመ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። ውሃው በመካከላቸው ወርዶ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«ቀማሽ፣ እባክዎ ይጠጡ» አለ ምሰሶው።

ሰልፉ ነቃ። «ምነው ጋሽ ናሆም፣ አመመህ እንዴ?» አለች እትዬ ቢታንያ።

«አልታመምኩም። አልቀምስም። አፌም አፍንጫዬም ከጥቁሩ ክረምት ጀምሮ ሞተዋል። እሬቱን ከውሃ፣ ውሃውን ከነዳጅ አለይም። እስከ ዛሬ ያያችሁት ሲጠጣ ነው እንጂ ሲቀምስ አይደለም።»

ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከመሐል አንዷ፣ «ታዲያ ምን አለበት? ጠጣውና ይከፈትልን! ልጆች ትምህርት ቤት ይረፍድባቸዋል!» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሰውም ተራ በተራ ወደ ሔራን ዞረ።

«አንቺ ነሽ!» አለች እትዬ ቢታንያ። «ሽማግሌውን ስትከታተዪው አላየሁሽም መሰለሽ? እንቁላሉም በርበሬውም አልበቃ ብሎሽ አሁን ውሃችንን ታዘጊ? ለዚህ ልጅ ምን ላጠጣው?»

ሔራን መልስ ልትሰጥ ስትል ምሰሶው ቀደማት። ድምፁ አልተቆጣም፤ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው።

«ቀማሹ አልቻሉም። ተተኪ ቀማሽ ይቅረቡ። ኬብሮን ዳግም።»

«አቤት!» አለች ኬብሮን።

ከጀሪካኑ ላይ ዘላ ወረደች። በትምህርት ቤት እንደተማረችው ፈጥና፣ ጥርት ባለ ድምፅ ነው የመለሰችው። ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ቦኖው እንደሄደች ሔራን ከኋላ ልብሷን ያዘቻት።

አንድ ጀሪካን እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ልጅቷን?» አለች እትዬ ቢታንያ። ቁጣዋ ከፊቷ ጠፍቷል። «ለምን እሷን?»

«እሷም እንደ ጋሽ ናሆም ስለሆነች» አለች ሔራን።

«ማነው ለምሰሶው የነገረው?»

«እኛ ነን» አለች ሔራን። «በመስኮቱ ፊት አቁመን፣ ምንም በይ እያልን። የኔዋ ግን እውነቷን ነበር። ያንቺው እውነቱን ይሁን ወይ ስላልሽው ይበል፣ በምን ታውቂያለሽ?»

እትዬ ቢታንያ ያቀፈችውን ልጅ አየች። ዮናኤል ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ምሰሶውን ያያል። እሱም ኮከብ አጥቶ አያውቅም።

ሔራን ከነጠላዋ ሥር አንዱን ቅጠል አወጣችና ሰጠቻት። እትዬ ቢታንያ ቅጠሉን ምን እንደምታደርገው አልጠየቀችም። እሬት ያልተቀባች እናት በሐመሮ የለችም።

«ና እስቲ የኔ ጌታ» አለች። ቅጠሉን ወደ አፉ አስጠጋችለት። «ላስ።»

ዮናኤል ላሰ። ፊቱ ተኮማተረ፣ ምላሱ ወጣ፤ እንትፍ፣ እንትፍ ብሎ አያቱን በጥፊ መታትና ጩኸቱን ለቀቀው። እትዬ ቢታንያ እያለቀሰች ሳመችው። «ምታኝ!» አለችው። «ምታኝ የኔ አንበሳ፣ ድገመኝ!»

«ኬብሮን ዳግም ይቅረቡ» አለ ምሰሶው። ጋሽ ናሆም እግሩን ከፈት አድርጎ ጀርባውን ለምሰሶው ሰጠና በቧንቧውና በልጅቷ መካከል ቆመ።

እትዬ ቢታንያ ቅጠሉን ከኋላዋ ለቆመችው ሴት አሳለፈች። የዚያችም ልጅ ተፋ። ሰልፉ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ፤ ሳቅ ሊሆን ትንሽ የቀረው ትንፋሽ። ቅጠሉ ወደ ሦስተኛዋ አለፈ። እሷ ወጣት እናት ናት፤ ሰልፉ ላይ ስትናገር የሰማት ሰው የለም። ልጇ በጀሪካኑ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ሹሩባዋ ገና ትናንት የተሠራ ነው። እናቲቱ ቅጠሉን ወደ አፏ አቀረበችላት። ልጅቷ ላሰች።

ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እንትፍ የምትልበትን ጠበቀ።

ልጅቷ ደግማ ላሰች። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚያያት ስታውቅ ትከሻዋን ቀና አደረገች።

«ምንም» አለች፣ ፈገግ ብላ።

እናቲቱ በሌላ እጇ ይዛው የነበረው ሁለተኛ ጀሪካን ወደቀ። ባዶ ነበርና ድምፁ ቁልቁል እስከ ሐይቁ ዳር ተሰማ።